የግራ ጆሮዬ ወረቀት

ኅዳር 8

ይሄ ደብተር የኔ ነው። የከሚሴው ድቤ መቺ፣ የሲራጅ። ስሜን ራሴ ጻፍሁት… ማንም እጄን አልያዘኝም። አምና በዚህ ጊዜ በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው።

መምህርት ከውሰር ናት ያዘዘችን። የማታው ትምህርት ሲያልቅ፣ "ፊደል ካልነካኩት ይሸሻል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ" አለች። ስለ ምን? "ስለ ዋላችሁበት። ለማንም አይደለም፣ ለራሳችሁ።" ለራሴ ከሆነማ ጥሩ አንባቢ አግኝቻለሁ። ከሃያ ሁለት ተማሪ አንደኛ የወጣሁ እኔ። ሁለተኛው መነጽር አለው። እኔ ያለ መነጽር ነው የበለጥሁት።

ምን ዋልሁ? ማሽላ ስናጭድ። ከዙሁር በኋላ የድቤዬን ቆዳ ፀሐይ ላይ አሞቅሁት። ነገ ጨፋ ሮቢት ሰርግ አለ።

ባለቤቴ ዓፊያ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"ምን እየጻፍህ ነው?"

"ስላንቺ።"

"ምን ብለህ?"

"መልኳ ያምራል፣ ጭቅጭቋ ይበዛል ብዬ።"

ሳቀች። ጣቷን ደብተሩ ላይ አሳረፈች። "ስሜ የቱ ጋ ነው?"

ያኔ ገና ስሟን አልጻፍሁም ነበር። ዝም ብዬ አንዱን ቃል አሳየኋት። "ማሽላ" የሚለውን። ትንሽ አየችውና "ያምራል" አለች።

አምና እሷም ልመዝገብ ብላ ነበር። "ላሟን ማን ይለባል? አንድ ቤት አንድ ሊቅ ይበቃዋል" አልሁ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷም የሳቀች ይመስለኛል።

ግራ ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ አለች። ሲርር… ትላለች። ከአምና ጀምሮ ነው። ኪራይም አትከፍል።

ኅዳር 10

ከጨፋ ሮቢት ተመለስን። ሰርጉ ሰርግ ነበር! ድቤዬ ሰንበቴ ከተማ ድረስ ተሰምቷል ይላሉ… ማን ይላል? እኔ እላለሁ።

ሦስት ነን። ጀይሉ የመንዙማ አውጪ ነው፣ እሱ ያወጣል ተቀባዮቹ ይቀበላሉ፤ አንድ ቁርአን ቤት ያደግን፣ አንድ ዱላ የቀመስን። ሰልማን ኦርጋን ይመታል፣ ሞንታርቦዎቹም የሱ ናቸው። ሁለቱም ቁም ሣጥን ያክላሉ። ድምፃቸው ደረት ይነቀንቃል። አንዱ ሁልጊዜ በግራዬ ይቆማል። መጀመሪያ የሌላ ሰው ነበሩ፣ አሁን የሰልማን ሆኑ፣ ቦታዬ ግን ያው ነው። ሃያ ዓመት።

ሰልማን ሰርጉ ላይ ከኪሱ ሁለት ብርቱካንማ ነገር አወጣ። ስፖንጅ ይመስላል፣ የጣት ጫፍ ያክላል። ጠቅለል ጠቅለል አደረገና ሁለት ጆሮው ውስጥ ወተፈው። እኔ ይሄን አይቼ ልለፍ?

"ሰልማን! ጀናዛው መቼ ነው?"

"የማን ጀናዛ፣ አያ ሲራጅ?"

"ያንተ ነዋ! ጆሮው የሚወተፍበት ሬሳ ብቻ ነው። አንተ ገና ሳትታጠብ ጥጡ ቀደመ!"

ተቀባዮቹ መሬት ላይ ወደቁ። የሙሽራው አጎት ሳቅ ገድሎት ምሰሶ ያዘ።

ሰልማን አልተቆጣም። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከኔ የረጋ ነው። "ሳቅ፣ ሳቅ… ደሴ ያሉት ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ያደርጉታል። ከሞንታርቦው ሥር የምትቆመው ደግሞ አንተ ነህ። ላንተም ላምጣልህ?"

"ለኔ ከፈኑንም ጨምረህ አምጣልኝ። አንድ ላይ ይሻላል።"

እንደገና ሳቅ።

ቤት ስገባ ፌንጣዋ ብቻዋን አልነበረችም። ዘመድ ጠርታለች።

ኅዳር 11

ዛሬም አልወጡም።

ኅዳር 21

የምስክር ወረቀት ተሰጠን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ወንበር ተደርድሮ፣ ሹሞች መጥተው። እኔ ኩታዬን አጥቤ ፊት ተቀመጥሁ። መምህርት ከውሰር ስም ትጠራለች። አንዱ ይነሳል። ይጨበጨባል። ሌላው ይነሳል። እኔ አጨበጭባለሁ…

ኋላ ያለው ሰውዬ ጀርባዬን መታኝ። ለካ እኔን ነው! ሦስት ጊዜ ጠርታኛለች። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያየኛል።

ተነሳሁና፣ "ንጉሥ በአንድ ጥሪ አይነሳም!" አልሁ። ተሳቀ፣ ተጨበጨበ። መምህርት ከውሰር ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ስትሰጠኝ ፊቴን አየችኝ። የሆነ ነገር አለችኝ። "አሚን" አልኋት። ምርቃት መስሎኝ ነበር። ምርቃት ይሁን አይሁን እንጃ።

ታህሳስ 4

ልጃችን ጀነት ባቲ ነው ያገባችው። ትናንት ደወለች። ስልኩን በግራ ይዤ… "እሺ… እሺ… አልሐምዱሊላህ" ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ዓፊያ ደወለች። ስትጨርስ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች።

"አንተ ሰውዬ! ልጅቷ የልጅ ልጅህን ትኩሳት ጣለው ስትልህ አልሐምዱሊላህ አልሃት?"

"በሁሉም ነገር ይመሰገናል።"

"አልሰማሃትም።"

"ኔትወርኩ ነው።"

"ኔትወርኩማ ጆሮህ ውስጥ ነው የጠፋው። እኔ ሦስቴ ስጠራህ አንዴ ነው የምትዞረው። ደሴ ትሄዳለህ። ነገ!"

ሕፃኑ ተሽሎታል። አሁን በትክክለኛው ቦታ አልሐምዱሊላህ።

ታህሳስ 9

ደሴ ደርሼ መጣሁ። ዓፊያ ላሟን ትታ መሄድ ስላልቻለች ብቻዬን ነው የሄድሁት።

የጆሮ ሐኪም ነው። ጠባብ ክፍል አስገቡኝ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አደረጉልኝ። "ድምፅ በሰማህ ቁጥር ይቺን ተጫን" አለች ልጅቷ። ተጫንሁ። ደግሞ ተጫንሁ። ከዚያ ዝም… ብዙ ዝም አለ። አፈርሁ። ሳልሰማም ተጫንሁ። በመስተዋቱ አይታኝ ራሷን ነቀነቀች። ኩረጃ እንዲህ ይያዛል ለካ።

ሐኪሙ ሽበታም ነው። ይናገራል፣ እኔ "አዎ፣ አዎ" እላለሁ። አቆመና ጠጋ ብሎ በቀኝ ጆሮዬ "ማንበብ ትችላለህ?" አለ፣ ጮክ ብሎ።

"አንደኛ ነኝ!"

ወረቀት ሳበና ጻፈልኝ። በዕድሜዬ ለኔ ተብሎ የተጻፈ የመጀመሪያው ደብዳቤ። መኪና ውስጥ ሦስቴ አነበብሁት። አንድም ቃል አልከበደኝም። መምህርት ከውሰር ብታየኝ ትኮራ ነበር።

እዚህ ልገልብጠው፦ "የግራ ጆሮህ መስሚያ በጣም ተጎድቷል። አይመለስም። የቀኙ ግማሹ አለ። ከእንግዲህ በትልቅ ድምፅ አጠገብ ጆሮህን ሳትደፍን ከሠራህ እሱም ይሄዳል። ይህን ለቤተሰብህ አንብብላቸው፤ ይርዱህ።"

አይመለስም። አንድ ቃል ናት። ስድስት ፊደል።

ታህሳስ 10

ዓፊያ ወረቀቱን እጄ ላይ አየችው።

"ምን ይላል?"

"ሰም ነው ይላል።"

"የምን ሰም?"

"የጆሮ ሰም። ሞልቶ ደርቋል። ቀስ እያለ ራሱ ይወጣል ይላል።"

"ይሄ ሁሉ ጽሑፍ ስለ ሰም ነው?"

"ሐኪም ሲጽፍ ያበዛል።"

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። ከላይ እስከ ታች፣ ልክ እንደሚያነብ ሰው። መለሰችልኝ። "አብሽር፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ያለሰልሰዋል" አለችና ሄደች። ከማምሻው የአስር ሰላት በኋላ ዘይቱን በማንኪያ አሙቃ አመጣች። ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስተኛችኝ። ሦስት ጠብታ በግራ፣ ሦስት በቀኝ።

ለምን ዋሸሁ? አላውቅም።

አውቃለሁ። ብታውቅ ድቤዬን ትደብቀዋለች። ድቤ የሌለው ሲራጅ ማን ነው? ማሽላ አጫጅ። በዚያ ላይ ሰነፍ አጫጅ።

ወረቀቱን ደብተሩ መጨረሻ ላይ ከትቼዋለሁ። ሳጥን መቆለፍ አያስፈልግም። ክፍቱን ቢቀመጥም ለሷ ዝግ ነው።

ታህሳስ 17

ሰልማንን ለብቻው ይዤ፣ "ያ የጀናዛህ ዕቃ ትርፍ አለህ ወይ?" አልሁት። አልሳቀብኝም። እኔ ብሆን ስቄ ነበር። ሁለት ሰጠኝ።

"መጀመሪያ ቤትህ ተለማመድበት" አለ። "ደግሞ ለጀይሉ ንገረው። ውታፉ ሲገባ ድምፅ ይርቃል፤ ምልክት ያስፈልግሃል። ሲያቆም ትከሻህን ይንካህ።"

"ሃያ ዓመት የመታሁት ሰውዬ በትከሻ ልነዳ? በሬ ነኝ?"

"አያ ሲራጅ… ብቻ ንገረው።"

ኩታዬን ተከናንቤ ላሟ ቤት ገብቼ ሞከርሁት። ወተፍሁና መታሁ። ድቤው ውሃ ሥር ያለ ይመስላል። ገር ነው… ደስ ይላል እኮ። ስጨርስ የፌንጣው መንጋ እንደ ወትሮው አልጮኸም።

ለጀይሉ ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሰው ፊት ከፈን ያሳዘዝሁ እኔ!

ታህሳስ 24

አልጽፍም።

ታህሳስ 25

ልጻፍ።

ሰንበቴ ነበርን። ቀን ነው፣ ዳሱ ሙሉ ነው። ውታፎቹን አድርጌ ኩታዬን ጆሮዬ ላይ ጣል አድርጌያለሁ። ማንም አያይም። የኔ ልማድ ደግሞ ዓይኔን ጨፍኜ መምታት ነው። "ሲራጅ ድቤ ላይ ሲሆን ዱንያን አያይም" ይሉኛል። ወድጄው ነው የምጨፍነው፣ እንዲሉኝ።

ልቤ ሞቀ። መታሁ። መታሁ…

አንጓዬን የሆነ እጅ ያዘኝ። ስገልጥ ጀይሉ ነው። ሰው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ ተቀምጧል። ዱዓ ላይ ናቸው። ሸህ ሙሀመድኑር ዱዓቸውን አቋርጠው ያዩኛል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን ስደልቅ ነበር። ምን ያህል ቆየሁ፣ እንጃ። ሰልማን ኋላ ነገረኝ። ሸሁ ለሙሽራው ሟች እናት ዱዓ እያደረጉ ነበር። ልጁ ያለቅስ ነበር። በለቅሶው ላይ ደለቅሁበት።

አንገቴን ስደፋ ኩታው ተንሸራተተ። አንዱ ውታፍ ወደቀ። ብርቱካንማ ነው፣ ከምንጣፉ ላይ እንደ ፍም ይታያል።

አንድ ሽማግሌ ጮኸ። ሲጮህ ሰማሁት። "ጆሮውን ደፍኖ ነው የነብዩን ውዳሴ የሚመታው? ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ የከተቱት የኑህ ሕዝቦች ነበሩ!"

ምን ልበል? እንደ ልማዴ ቀልድ አወጣሁ። "እኔ እኮ በድቤ አሚን እያልሁ ነው።"

አንድ ሰው አልሳቀም። ሙሽራው ፊቱን አዞረ።

ታህሳስ 26

ጀይሉ መጣ። በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። አልቀመጥም አለ።

"ለምን አልነገርኸኝም? እጄን አነሳልህ ነበር። ትከሻህን እነካህ ነበር። ከልጅነታችን ጀምሮ የማላውቀው ነገር ነበረህ?"

"ብርድ መትቶኝ ነው።"

"ብርድ?" አለ። እኛ አገር በኦሮምኛ ጆሮ 'ጉራ' ይባላል፤ ስለዚህ ጀይሉ ሲቆጣ ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅሎ ነው የሚመታህ። "አንዱ ጉራህ ሲቀንስ ሌላው ጉራህ እየበዛ ነው" አለኝ። በሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር።

"ሸሁ ዘንድ ሂድ፤ አውፍ ይበሉኝ በል። ስለ ውታፉም ጠይቃቸው።"

"እሄዳለሁ።"

ታህሳስ 28

አልሄድሁም። ቦርከና ወንዝ ሄድሁ። ውታፎቹን ወረወርኋቸው። አይሰምጡም! እንደ ሙሽራና ሚዜ ተከታትለው እየተንሳፈፉ ሄዱ።

ከእንግዲህ ባዶ ጆሮ። ሲራጅ ጆሮውን ደፈነ እንዳይባል።

ጥር 14

በአሥር ቀን አምስት ሰርግ። ሰው "ሲራጅ ድሮ መች እንዲህ ይመታ ነበር" አለ። እውነት ነው። ድሮ እየሰማሁ ነበር። አሁን እንድሰማው ነው የምመታው።

ዛሬ ቆዳው ተቀደደ። በሃያ ዓመት አንድም ቆዳ ቀድጄ አላውቅም። ጀይሉ ወደ ቀኜ ዞሮ፣ "ምን በድሎህ ነው እንዲህ የምትደበድበው?" አለ።

"ዝም ስላለኝ" ልለው ነበር። "ቆዳው አርጅቶ ነው" አልሁት።

ጥር 15

ዓፊያ ዛሬም ዘይት አሞቀች። ሦስት ጠብታ፣ ሦስት ጠብታ። "ሰሙ ወጣ?" ትለኛለች፤ አሁን ከንፈሯን እያየሁ ነው የማውቀው። "እየወጣ ነው" እላታለሁ። ዘይቱን ከገበያ ስትገዛ ያየች ጎረቤታችን መሊካ፣ "ይሄን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ?" ብላ ጠይቃት ነበር። "ለድቤ መቺዬ" አለቻት። ለድቤ መቺዬ…

ጥር 30

ፌንጣዎቹ ከቀኝም ገቡ።

የካቲት 9

ከረመዳን በፊት የመጨረሻው ሰርግ ነበር፣ እዚሁ ከሚሴ።

ጀይሉ ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው። ዝቅ አድርጎ ያወጣል፤ ያቺን ለስላሳ ድምፅ ሰምቼ ነው እጄን የምጥለው። ሃያ ዓመት ያቺን ሳልስት። ዛሬ አፉ ሲከፈት አየሁ። ድምፅ የለም። ጀምሯል? ወይስ ጉሮሮውን እየጠረገ ነው? ገመትሁና መታሁ። ተቀባዮቹ ዞር ብለው አዩኝ። ተውሁ። እንደገና መታሁ። ጭብጨባቸው በአንድ መንገድ፣ ድቤዬ በሌላ መንገድ ሄደ። ሙሽሪት ሳቀች፤ እየቀለድሁ መስሏት። ሌሎችም ሳቁ። የለመዱት ሲራጅ ነው… ሲቀልድ ነው።

ጀይሉ ግን አልሳቀም። መጥቶ ድቤውን ከጭኔ ላይ አነሳው። ቀስ ብሎ። ተኝቶ እንዳለ ሕፃን።

የካቲት 10

ጀይሉ ዛሬ ገብቶ ተቀመጠ። አፉን ቀኝ ጆሮዬ ላይ አድርጎ ጮኸ። ሁሉም አልገባኝም። ያልገባኝን ደገመልኝ። እንደገና ደገመልኝ። ጉሮሮው ያሳዝነኛል፤ ሰው የሚከፍልበት ጉሮሮ ነው።

ሰንበቴ ድረስ ሄዶ ሸሁን ጠይቋቸዋል። እኔ ስላልሄድሁ እሱ ሄደ። ምን አሉ? "ጆሮ የአላህ አማና፣ አደራው ነው። አማናን መጠበቅ ምን ነውር አለው? ጌታችንን ማወደስ በልብ ነው። ቀድሞ ነግሮኝ ቢሆን ዱዓ ሳልጀምር በእጄ እጠቅሰው ነበር" አሉ። ያ የጮኸው ሽማግሌም አብሮ ነበር። "እኔ ምን አውቄ፤ ለምን አልነገረንም?" አለ አሉ።

ለምን አልነገርኋቸውም?

ጀይሉ ኪሱ ገባና መዳፉን ዘረጋ። ሁለት ብርቱካንማ። የራሱ ናቸው። አሁን እሱም ይወትፋል። ሰልማንም። ተቀባዮቹም ሊያመጡ ነው። ድፍን ከሚሴ ብርቱካን ሊያበቅል ነው… እኔ ብቻ ባዶ ጆሮ።

"እረፍ እስቲ" አለ። እስከ መቼ አላለም። ድቤዬን መለሰልኝ። ሌላ መቺ አግኝተዋል፤ ጀሚል የሚባል፣ ከባቲ። አልጠየቅሁም፣ ጥሩ ነው ወይ ብዬ።

የካቲት 25

ረመዳን። በፊት መግሪብ አዛን ሲል ከሰፈሩ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነበርሁ። እወራረድ ነበር።

ዛሬ ቴምር ይዤ ተቀመጥሁ። ፀሐይዋ ገብታለች። ጠበቅሁ። ዓፊያን እንዳላያት ፊቴን አዙሬያለሁ… እኔ አዛን ለማወቅ ሰው ልመልከት? ቴምሩ እጄ ውስጥ ሟሟ።

እጇ መጣ። ቴምሩን ከእጄ ወስዳ አፌ ውስጥ ከተተችው። እሷ ቀድማ አልበላችም ነበር። ቆይታ ስትጠብቀኝ ነበር።

መጋቢት 21

ዒድ። ሜዳው ላይ ሺህ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተክቢራ ነው፣ አላሁ አክበር። አብሬ አልሁ። ድምፄ ይውጣ አይውጣ አላውቅም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ በክርኑ ነካ አደረገኝ። ጮኼ ይሆን? ዝቅ አደረግሁ። አሁን ደግሞ ወጥቶ ይሆን?

መጋቢት 29

ዓፊያ አንድ ነገር ልትነግረኝ ፈለገች። ቀኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። አልገባኝም። እንደገና ጮኸች። በእጇ አሳየችኝ… ወደ ባቲ በኩል፣ ከዚያ ደረቷን፣ ከዚያ እንደዚህ፣ እንደሚበር ነገር።

"ጀነት ልትመጣ ነው?" አይደለም። "አሞሻል ወይ?" አይደለም። "ወፍ?" አልሁ። ወፍ! ቀልዴን አልነበረም፣ ወላሂ። ማልቀስ ጀመረች።

ሮጬ እርሳስና ወረቀት አመጣሁ። በትልልቁ "ምን ሆነሻል? እዚህ ጻፊልኝ" ብዬ ጻፍሁና ሰጠኋት።

ወረቀቱን አየችው። እኔን አየችኝ። መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች።

አንድ ቤት አንድ ሊቅ።

ምን ልትነግረኝ እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም።

መጋቢት 30

እርሳሴ የለም፤ ይሄን በአሮጌው ቁራጭ ነው የምጽፈው። ዓፊያም የለችም። ነጭ ሻሿን አስራ፣ በትምህርቱ ሰዓት ወደ መምህርት ከውሰር መንገድ ስትሄድ መሊካ አይታታለች። በእጇ አሳየችኝ፤ መዳፍ ላይ መጻፍ።

ላሟ ቆማ ታየኛለች።

ሚያዝያ 13

ላም ማለብ ከድቤ ይከብዳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ረገጠችኝ። አሁን ተግባብተናል። እሷም አትናገር፣ እኔም አልሰማ።

ዓፊያ ከትምህርቷ ስትመለስ አስቀድማ ዘይቱን ታሞቃለች። ሦስት ጠብታ። "አሁንስ ይብቃሽ፣ አይረባም" ልላት አፌ ላይ ይመጣል። ለምን አይረባም ብትለኝስ?

ግንቦት 6

ስሟን መጻፍ ቻለች። ግድግዳው ላይ በከሰል፣ ወተት ማለቢያው ላይ፣ የድቤዬ ቆዳ ላይ። "ዓፊያ"። "ዓ" ዋን ትጠመዝዛታለች።

ዛሬ ይሄን ደብተር አነሳች። ወደ መጀመሪያው ገጽ ሄደች። ያቺን ቃል ፈለገች፣ ኅዳር ላይ ያሳየኋትን። ቦታዋን አልረሳችም። ጣቷን አስቀምጣ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ማ… ሽ… ላ።

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ሳቀች ወይስ…? ደብተሩን ቦታው መለሰችው። እንደ ወትሮዋ አልወረወረችውም፣ አስተካክላ ነው ያስቀመጠችው።

ወረቀቱን ማቃጠል ነበረብኝ። ከደሴ የመጣሁ ቀን እሳት አጠገብ ነበርሁ። አላቃጠልሁትም። ለኔ የተጻፈ ብቸኛው ደብዳቤ ነው።

ሰኔ 15

ከአስር ሰላት በኋላ ነበር። ዘይቱን በማንኪያ ይዛ መጣች። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ድቤውን ሆዴ ላይ አስደግፌ፣ በመዳፌ ቀስ እያልሁ… እንዲህ ሲሆን ደረቴ ይሰማዋል። ደብተሩ አጠገቤ ነው። እግሯ ሲነካው ወረቀቱ ሾልኮ ወደቀ።

ማንኪያውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ወረቀቱን አነሳች። ላቆማት እጄን ዘረጋሁ፤ መንገድ ላይ ቀረ።

ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አደረገች። ከንፈሯን እያየሁ ነው። የ… ግ… ራ… ጆ… ሮ… ህ። ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ ትቀጥላለች። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ነው፤ አንደኛ የወጣሁት ሰውዬ በሦስት ንባብ የጨረስሁትን እሷ ፀሐይ ከግድግዳው እስክትወርድ ፈጀባት። ሰም የሚል ቃል የትም እንደሌለ የማውቀው እኔ ነኝ። ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። እንደገና ከላይ ጀመረች።

ጣቷ "አይመለስም" ላይ ቆየች። ከዚያ ወደ ታች ወረደች። ለ… ቤ… ተ… ሰብህ… አንብብላቸው።

እዚያ ላይ አንገቷን ቀና አደረገች። አላለቀሰችም። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር… ምን ይሻላል፣ አልሰማ። በማንኪያው ያለውን ዘይት ጠርሙሱ ውስጥ መለሰችው። አንድ ጠብታ ሳታፈስስ። ክዳኑን አጥብቃ ዘጋችው።

ከዚያ ከሻሿ ሥር እርሳሴን አወጣች። ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ አዲስ ገጽ አናት ላይ፣ በትልልቁ ጻፈች። ጎበጥ ጎበጥ ያሉ ሦስት ፊደል።

"ለምን"

ትምህርታቸው የጥያቄ ምልክት ላይ ገና አልደረሰም። ከሥሩ አንድ መስመር ለኔ ትታልኝ፣ እርሳሱን ደብተሩ ላይ አስቀምጣ፣ ላሟን ልታልብ ሄደች።

የዛሬውን ሁሉ የጻፍሁት ከዚያች መስመር በታች ነው። ዘልያት።